ፎርማኑ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀ

ልጄ ከበር ገብቶ ጉልበቴን ሳይስም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈው ያን ቀን ነው። እሁድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከአሌክሳንድሪያ ሊጠይቀኝ መጣ። እኔ የምኖረው እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሴት ልጄ ቤት ነው። ግንባሬን ሳመኝና ጫማውን አንዱን እግር በሌላው እየረገጠ፣ ሳይጎነበስ አወለቀ።

«ትልቅ ሰው ሆንክና ጉልበቴ ራቀህ?» አልኩት።

«ራቀኝ እማዬ፤ ወገቤ አልታጠፍ አለ» አለና ሳቀ። ሳቁን ግን አልጨረሰውም። ምሳውንም የኩሽናውን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ በላ።

የወገብ ነገር ለእኔ አይነገረኝም። በቤተሰብ ጥሪ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የሠራሁት። እርጥብ አንሶላ ከማሽን መጎተት ሰውን ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። መጀመሪያ ሰው ቆሞ መብላት ይጀምራል፤ ቀጥሎ መኪና ውስጥ ለመግባት ያቃስታል። ልጄ ቆሞ መብላት ላይ ደርሶ ነበር።

ሥራው ሶላር፣ የፀሐይ መብራት ፓኔል መትከል ነው። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ፣ ድሮ በቆሎ ይዘራበት የነበረ ሰፊ ሜዳ አለ። ዛሬ በቆሎው ቀርቶ የተዘራበት መስታወት ነው። እሱ በሚኖርበት ግቢ ያሉ የእኛ ሰዎች ተጠራርተው አንድ ላይ ገቡ፤ ጠዋት በአንድ ቫን ይሄዳሉ፣ ማታ በአንድ ቫን ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት ሆቴል ውስጥ መኪና ያቆም ነበር። «ምድር ቤት ውስጥ ጭስ ከምተነፍስ ሜዳ ላይ ልዋል» ብሎ ነው የለቀቀው። ሜዳውን ወዶት ነበር። ጠዋት ጠዋት ሚዳቋ እንደሚያይ ይነግረኝ ነበር።

«እስቲ አሳየኝ፤ እንዴት ነው የምታነሱት?» አልኩት።

ከሶፋው ጀርባ የቴሌቪዥኑ ባዶ ካርቶን ነበር። እሱን አወጣና የልጅ ልጄን ጠራት። የሴት ልጄ ልጅ ናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እኔም በአማርኛ እቀጥላለሁ። እንዲህ ተግባብተን እንኖራለን።

«አንቺ አብረውኝ የሚያነሱት ጋሼ ነሽ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ቁሚ» አላት። እሱ ላይኛውን ያዘ። ፓኔሉ ፀሐይ እንዲያይ አዘንብሎ ነው የሚገጠመው። ስለዚህ አንዱ ሰው እስከ ወገቡ ድረስ ብቻ ያነሳል፤ ሌላው ከትከሻው በላይ ገፍቶ፣ ብሎኑ እስኪጠብቅ ድረስ ይዞት ይቆማል። አንዱ ፓኔል ከሩብ ኩንታል በላይ ነው አለን። ነፋስ ሲኖር ደግሞ የራሱ ጉልበት ያወጣል።

«ላይኛው ሁልጊዜ ያንተ ነው?» አለችው።

«ጋሼ ትልቅ ሰው ናቸዋ።»

«ማን ወሰነ?»

«ምን ውሳኔ ያስፈልገዋል? ትልቅ ሰው ናቸው አልኩሽ።»

«ደሞዛችሁ እኩል ነው?»

«እኩል ነው።»

«እንግዲያው ፌር አይደለም» አለች።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ጋሼ የሚሏቸው ሰው አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ ናቸው። እዚህ ስንት ዓመት ታክሲ ነድተው፣ የታክሲው ሥራ ሲሞት ነው ሜዳ የወጡት። የልጄን አባት ሊያህሉ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። «ፌር ማለት እኩል ማለት አይደለም» አልኳት። «ሽማግሌ ከላይ ተንጠልጥሎ ጎረምሳ ከታች ቢቆም ምን ይባላል? ልጄ ያደረገው ትክክል ነው።» አሁንም ትክክል ነው እላለሁ።

የልጅ ልጄ ካርቶኑን አስቀመጠችና፣ ለእኔ ስትል በአማርኛ፣ «እሺ እማማ፣ ታዲያ ወገቡን ማን ይሰጠዋል?» አለች። ሻይ ልጣድ ብዬ ተነሳሁ።

ከፋሲካ በኋላ ልጄ ደውሎ ሮቦት ሊመጣ ነው አለኝ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ስለነበረ ተናደድኩ። እኛ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ የሚያጥፍ ማሽን ሲመጣ ኬክ ተቆርጦ ነበር፤ ኬኩን የበሉት ሴቶች ናቸው በወሩ የተሰናበቱት። አለቃው ቢሮ ገብቼ «ማሽኑ የሚያጥፈውን ያህል እነሱም ያጥፉ ነበር፤ ለምን ሌላ ሥራ አልሰጠሃቸውም?» ብዬ ተሟግቼ ባዶ እጄን ነው የወጣሁት።

«የሰው እንጀራ የሚቀማ ዕቃ መጣልኝ ብለህ ትደሰታለህ?» አልኩት።

«እማዬ፣ ይሄ ሌላ ነው። ሰው አጥተው ነው ያመጡት። በሐምሌ ሙቀት የተቀጠረው ሁሉ ሳምንት ሳይሞላው ይጠፋል። ሮቦቱ ፓኔሉን ያነሳል፣ ብሎን የምናጠብቀው እኛው ነን። እሱን የሚነዱ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከእኛው ውስጥ ያሠለጥናሉ። ያን ቦታ ካገኘሁ ሪሞት ይዤ ነው የምውለው። ወገቤ ይተርፍልኛል።»

«ካላገኘኸውስ?»

«እንጃ እማዬ። ክረምቱን የምወጣው አይመስለኝም።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ለሮቦቱ መጸለይ ጀመርኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለማሽን እንዴት እንደሚጸለይ አላውቅም፤ የቻልኩትን አልኩ።

ማሽኑ የደረሰ ቅዳሜ የሠራተኛ ቤተሰብም መጥቶ ይይ ተባለ። የልጅ ልጄ ነዳችና ሄድን። በር ላይ ሄልሜትና የሚያብለጨልጭ ሰደርያ አለበሱኝ። ነጠላዬን በላዩ ላይ ጣል ሳደርግ የልጄ ጓደኞች ሳቁብኝ። «እትዬ፣ ነገ ሥራ ይጀምራሉ እንዴ?» አለኝ አንደኛው። «ከእናንተ አላንስም» አልኩት።

እውነቱን ልናገር፤ ማሽኑ አስደነገጠኝ፣ ወዲያው ደግሞ ወደድኩት። እንደ ታንክ በሰንሰለት የሚሄድ ነው፤ ረጅም ክንድ አለው። ክንዱ ጫፍ ላይ ክብ ክብ ጎማዎች አሉ። መስታወቱን እንደ አልቅት ምጥጥ አድርገው ይይዙታል። ከተደረደረበት አነሳው፣ አየር ላይ አዞረው፣ የብረቱ ማቀፊያ ላይ ሲደርስ ቀስ አለና፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው አጋደመው። ሁለት ሠራተኞች ከሥር ቀጥ ብለው ቆመው ብሎኑን አጠበቁና አለፉ። ማንም እጁን ከትከሻው በላይ አላነሳም። ላይኛው ጫፍ፣ ታችኛው ጫፍ የሚባል ነገር ቀረ። ነፋስ ነበር፤ ነጠላዬን ይዞብኝ ሊሄድ ይታገል ነበር። ማሽኑ ግን ነፋስ መኖሩንም የሰማ አይመስልም።

«ይሄ ሰውዬ ጾመኛ ነው፤ ምሳ አይበላም» አለ አንዱ።

«ሰላምታ ግን አላስተማሩትም» አሉ ጋሼ። ሄልሜታቸውን አውልቀው ለእኔ እጅ እየነሱ ነው ይህን ያሉት። በአካል ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ቀጭን፣ አንገታቸውን ደፋ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። «እትዬ፣ ልጅዎ የእኔን ሸክም ነው የሚሸከመው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉኝ። ልጄ እንደ ልጃገረድ አፈረ።

ከዚያ የሥራው አለቃ፣ ፎርማኑ፣ ቢሮ ያደረጋት ተጎታች ቤት ደረጃ ላይ ወጣ። ፊቱ ፀሐይ ያቃጠለው፣ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። የልጅ ልጄ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ። ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሥልጠናው ሰኞ ይጀምራል፤ ማን ይፈልጋል?

ልጄን አየሁት። እጁ ከጎኑ ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ከዚያ ዞሮ ጋሼን አየ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አላቸው።

«የለም፣ የለም። ይሄ የወጣት ነገር ነው። አንተ ግባ።»

«ኧረ በጭራሽ። እርስዎ እያሉ?»

«ወገብህን እያየሁ? ግባ አልኩህ።»

«አፈር ስሆን ጋሼ።»

ሌሎቹም የእኛ ልጆች መሬት መሬት እያዩ፣ አንዱ ሌላውን በክርኑ እየነካ፣ «አንተ ግባ»፣ «አንተ ቅደም» ይባባላሉ። እኔ ቆሜ ይህን ሳይ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ኮራሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ አገር ኖሮ ትልቅ ሰው ሳያስቀድም እጁን የማያወጣ ልጅ አሳድጌአለሁ ብዬ፣ አንገቴ ረዘመ። ልጄ ወደ እኔ ቀና ሲል ራሴን ነቀነቅኩለት፤ ጎበዝ ማለቴ ነበር። ደግሞም አልቸኮልኩም። ገና ሁለተኛ ይጠየቃል፣ ሦስተኛ ይለመናል፤ ያኔ ጋሼ «እንግዲህ ካላችሁ» ይላሉ፣ ሁለተኛው ቦታ ለልጄ ይሆናል ብዬ ነበር የምጠብቀው። እንግዳ በመጀመሪያው ግብዣ እጁን ወደ ሞሰቡ እንደማይሰድ ሁሉ፣ እኛ ዘንድ መጀመሪያ ላይ እሺ የሚል ማን አለ?

ፎርማኑ ግን በዚያኛው በኩል ከቆሙት የሌላ አገር ሠራተኞች ሁለት እጆች አይቶ፣ አመስግኖ፣ ከደረጃው ወረደ። የእኛዎቹ ገና ይቅደሙ፣ ቅደም እየተባባሉ ነበር።

«አለቀ?» አልኩ የልጅ ልጄን።

«አለቀ እማማ።»

«ሁለተኛ አልጠየቀም እኮ።»

«አንድ ጊዜ ነው የሚጠየቀው» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

እጇን ይዤ ፎርማኑ ቢሮ ገባሁ። ልጄ ከኋላ «እማዬ፣ በእመቤቴ ተይ» እያለ ነበር፤ አልሰማሁትም። «ንገሪው» አልኳት። «የእኛ ሰዎች አንድ ጊዜ ተጠይቀው እሺ አይሉም። አለመፈለግ አይደለም፣ መከባበር ነው። ወጥተህ ደግመህ ጠይቅ በይው።»

እሷ ተናገረች፤ ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ አዳመጠ። አልሳቀብኝም። ያሳዘነው መሰለኝ። «እናቴ፣ ልጅሽን እወደዋለሁ። ጥሩ ሠራተኛ ነው» አለ። «ግን ሁሉንም እኩል ጠየቅኩ። እነዚያ ሁለቱ እጃቸውን አወጡ። አሁን ሄጄ ከአንደኛው ልንጠቀው? አንደኛው የጉልበቱ ጅማት የተቀደደበት ሰው ነው። እሱም ይሄን ሥራ ሲጠብቅ ነበር። ፌር ይሆናል?»

በመስኮቱ አየሁት፤ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ሚስቱን አቅፎ ይስቃል፣ ሲራመድ አንድ እግሩን ይጎትታል። ዕድሜ ልኬን ፍትሕ፣ ፍትሕ ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። «አይሆንም በይው» አልኳት። የልጅ ልጄ ቀና ብላ አየችኝና ተረጎመች። «ሌላ ማሽን ከመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ቡድን የእነሱ ነው» አለ ፎርማኑ። በቫኑ አጠገብ ስናልፍ ልጄ ተቆጥቶ አላናገረኝም። ስለተከራከርኩ ነው፤ ቦታውን ስላጣ አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ ነው።

ማሽኑ በሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ሥራ ጀመረ። የልጄ ቡድን በዚህኛው ጫፍ በእጅ ቀጠለ። ማታ ማታ እደውልለት ነበር። ወዲያኛዎቹ በጊዜ ጨርሰው ውኃ እየጠጡ እንደሚጠብቋቸው፣ መስታወት እንደማይሰበርባቸው፣ በሙቀት የወደቀም እንደሌለ ይነግረኝ ነበር። ያን ሁሉ ሲነግረኝ ቅናት የለበትም፤ እንደ ጥሩ ዜና ነው የሚያወራው። «ጉልበቱን የታመመው ሰውዬ ሳያነክስ መራመድ ጀመረ እኮ እማዬ» አለኝ አንድ ቀን። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያቺን ከጎኑ የተንቀሳቀሰች እጅ አያታለሁ።

ፍልሰታ ገባ። ልጆቹ እየጾሙ ነበር የሚሠሩት። እኔም እንደማይተው እያወቅኩ «ዘንድሮ እንኳ ለሥራው ስትል ብላ» አልኩት፤ «ጋሼ እየጾሙ?» አለኝ። በአንዱ ከሰዓት፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ከላይኛው ጫፍ በኩል ነፋስ ከፓኔሉ ሥር ገባ። ልጄ ቢለቀው ለራሱ ይተርፍ ነበር። ቢለቀው የሚወድቀው ታች የቆሙት ጋሼ ላይ ነው። ያዘው። ጋሼ ከሥሩ እስኪወጡ ድረስ፣ ወገቡን ጠምዝዞ፣ ይዞት ቆመ። ከዚያ አብሮት ወደቀ።

ሆስፒታል ስደርስ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ ያያል። ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሄልሜታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፣ የት እንደሚያስቀምጡት የጠፋቸው ይመስላሉ።

የአከርካሪው ዲስክ ነው የተጎዳው አሉ ሐኪሞቹ። ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ይራመዳል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ መኪናም ይነዳል፣ ግን ብዙ አይደለም። ከባድ ነገር ማንሳት እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ተከለከለ። ትንሿን ልጁን ሳይቀር ተቀምጦ ነው የሚያቅፋት፤ ሌላ ሰው እያነሳ ጭኑ ላይ ያደርግለታል። ሥራው ዛሬ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሆቴል ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ነው። ያንኑ ሸሽቶት የወጣውን ጭስ እየተነፈሰ ይውላል። ባለፈው በሜትሮ ባቡር ሄጄ ምሳ አደረስኩለት። ምድር ቤቱ ቀንም በመብራት ነው። «ሚዳቋ አለ?» አልኩት፤ ላስቀው ብዬ ነበር። «አንዳንዴ አይጥ ይመጣል» አለኝ።

ሁለተኛው ማሽን በመኸር መጣ። ፎርማኑ ቃሉን ጠብቆ መጀመሪያ ወደ እነሱ ቡድን ሄደ። ይህን የነገሩኝ ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ ከገና በፊት አንድ እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥተው። ልጄም ቤተሰቡን ይዞ እኛ ጋ ነበር፤ ምግብ ቀርቦ ልንቀመጥ ስንል ነው በሩ የተንኳኳ።

ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በሩ ላይ እንደቆሙ ተናገሩ። «እትዬ፣ ከሌላ ከሚሰሙ ብዬ ነው የመጣሁ። ማሽኑን የምነዳው እኔ ነኝ። ሰውዬው ጠየቀ፤ አፉን ሳይዘጋ እጄን አወጣሁ። አንዱንም አላስቀደምኩም። ያን ቅዳሜ እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ልጁም ከእኔ ጋር እጁን ያወጣ ነበር። እኔን ሲጠብቅ ነው የቀረው።»

ምን ልበላቸው? የእርስዎ ጥፋት ነው ልበል? እሳቸው እሱን ሲያስቀድሙ፣ እሱ እሳቸውን ሲያስቀድም የቀረ ነገር ነው። የሠለጠኑትን ሁለቱን ልውቀስ? ፎርማኑን? እሱም እኩል ጠየቀ። ማንን እንደምከስ አጥቼ ነው እስከ ዛሬ የምብሰለሰለው። በዳይ ያለው በደል ቢሆን ለእኔ ይቀለኝ ነበር፤ ሄጄ እሟገተው ነበር።

«ጥሩ አደረጉ» አልኳቸው። «ማሽኑ እንዴት ነው?»

«እትዬ፣ ማታ ቤቴ ስገባ ጀርባዬ መኖሩን እረሳዋለሁ» አሉ፤ ይህን ብለው አፈሩ፣ ወደ ልጄም አላዩም።

«ይግቡ፣ ምሳ እንብላ» አልኩ።

«እሺ» አሉ ወዲያው። በመጀመሪያው። ካፖርታቸውን አወለቁ። እኔ ግን ልማድ ነውና አፌ አላቆመም፤ «አፈር ስሆን፣ በሞቴ፣ ምንም የለም ብቻ» እያልኩ ሁለተኛም ሦስተኛም ለመንኳቸው። የልጅ ልጄ «እሺ ብለዋል እኮ» አለችኝ።

ጠረጴዛው ዙሪያ አንድ ወንበር ጎደለ። ልጄ የተቀመጠበት ደጋፊ ያለው፣ ለወገቡ ትራስ ያደረግንለት ወንበር ነው። ጋሼ ሲጠጉ በሁለት እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

«ጋሼ፣ እዚህ ይሁኑ» አላቸው።

«ተው፣ ተው አንተ ልጅ፣ አትነሳ» አሉ፤ ትከሻውን ሊጫኑት እጃቸውን ዘረጉ፣ ግን እንዳያሳምሙት ፈርተው አየር ላይ አቆሟት።

«ተቀመጥ» አልኩት እኔ። ለትልቅ ሰው እንዳይነሳ ስነግረው የመጀመሪያዬ ነበር። «ተቀመጥ ልጄ።»

አልሰማኝም። ጥርሱን ነክሶ፣ ቀስ እያለ፣ ከጠረጴዛው ላይ ክብደቱን ወደ እግሩ እያሻገረ ተነሳ። ትራሱን ገልብጦ አስተካከለላቸውና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። የልጅ ልጄ ሳህኑን አቀበለችው።